በእርማት ቅጂው ጠርዝ ላይ

«ሥርና ቅጠል» በወር አንዴ የምትወጣ ጋዜጣ ናት። ጋዜጣ ሲሏት ደስ ይላታል እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር አንድ ሰፊ ወረቀት ለሁለት ታጥፎ አራት ገጽ የሆነ ነገር ናት። አንባቢዎቿ ችግኝ አፍሊዎች፣ ግቢ አስዋቢዎች፣ የመናፈሻ ሠራተኞች፣ እንዲሁም ጡረታ ወጥተው ጽጌረዳን የሙጥኝ ያሉ ጥቂት ሰዎች ናቸው። የፊተኛው ገጽ ዜና ነው፤ የት ምን ዘር ተገኘ፣ የትኛው ተባይ ወዴት እያመራ ነው፣ ውሃ የሚቆጥብ ምን ዓይነት ቱቦ ወጣ። መሐሉ ምክር ነው። ሰው ሁሉ ግን ጋዜጣዋን እጁ እንዳስገባ መጀመሪያ የሚገለብጠው የኋላውን ገጽ ነው፤ እዚያ «የሞቱብን» የሚባል ዓምድ አለ።

«የሞቱብን» ላይ ችግኝ አፍሊ የሆነ ሁሉ በወሩ ውስጥ የሞቱበትን ይጽፋል። ስንት ሞቱ? በምን ሞቱ? እኔ ምን አጠፋሁ? የዓምዱ ሕግ አጭር ነው፤ ቁጥር አይቀነስም፣ በዝናብ አይሳበብም፣ የጻፈው ሰው ላይ ፊት ለፊት አይሳቅም። ከኋላው መሳቅ አልተከለከለም። አንድ የተከበሩ ግቢ አስዋቢ መደብ መሐል የተሰካችን ደረቅ የምልክት እንጨት እንቅልፍ የያዘው ችግኝ መስላቸው ወር ሙሉ ውሃ ሲያጠጡ መክረማቸውን በዚህ ገጽ በገዛ እጃቸው ጽፈዋል። እስካሁን ሰላም ሲሏቸው ሰዎች ከንፈራቸውን ነክሰው ነው። ግን ከዚያ ወዲህ ችግኙንና እንጨቱን ለመለየት ቅርፊቱን በጥፍር ጫር አድርጎ ማየት እንደሚበቃ የማያውቅ አትክልተኛ የለም። የዓምዱ ጥቅም ይኸው ነው።

የጋዜጣዋ አዘጋጅም፣ ዘጋቢም፣ መላሽም አንዲት ሴት ናት። ስም ወጥቶላታል፤ በስሟ የሚጠራት ግን የለም። ታናሽ ወንድሟ አፉን ከፈታበት ቀን ጀምሮ «እታለም» ይላት ስለነበር፣ ሰፈሩም ደንበኛውም ከእሱ ወርሶ እታለም ብሏት ቀረ። ከአባቷ የወረሰችውን ችግኝ ጣቢያ ታስተዳድራለች። ምላሷ ፈጣን ነው፣ እጇ ከምላሷ ይፈጥናል፤ ይቅርታ መጠየቅ ላይ ሲደርስ ግን ሁለቱም እግር ተወርች የታሰሩ ያህል ይሆናሉ።

ወንድሟን ሁሉም «ጭራሮ» ነው የሚለው። ቅጥነቱ ለጉድ ነው፤ ነፋስ ሲነሳ አንድ ነገር ጨብጦ መቆም አለበት እየተባለ ይቀለድበታል። አባታቸው ከሞቱ በኋላ ችግኝ ጣቢያው ውስጥ ሃያ ዓመት አብረው ሠርተዋል። እሷ ታዛለች፣ እሱ ይሠራል፤ እሷ የተሠራውን ታይና ታፈርሳለች፣ እሱ የፈረሰውን እያጉረመረመ ይሠራል። እንዲህ እየተነታረኩ ነው የተዋደዱት። ያልተነታረኩበት ቀን ካለ አንዳቸውን አሟቸዋል ማለት ነበር።

ከዚያ ያ የሾላ ጉዳይ መጣ።

ከችግኝ ጣቢያው በር አጠገብ አባታቸው የተከሉት ሾላ ነበር። ሁለቱም ከሥሩ ተጫውተው፣ ከሥሩ ተገርፈው ያደጉበት ዛፍ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ዛፉ ከጫፉ መድረቅ ጀመረ። እርጅና ነው፤ ምንም አይደረግለትም። ወንድምና እህት ተመካከሩና እርጥብ የቀረችውን ቅርንጫፍ ሁሉ ቆርጠው፣ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ቁራጭ አወጡና ተከሉ። ሁሉም ሥር ሰደዱ፣ ሁሉም ቅጠል አወጡ። ለአዲሱ መናፈሻና ለመንገዶቹ ዳር ይሄዳሉ፤ የአባታችን ዛፍ በከተማው ሁሉ ይቆማል ተባለ። ጭራሮ በደስታ ብዛት ትንሽ ወፍሮ ነበር ይባላል፤ ይህን ግን ያረጋገጠ የለም።

እታለም በዚያው ሰሞን ከአንድ ከብት አደላቢ ግቢ አንድ ጋሪ ፍግ አስመጣች። የደረቀ፣ የበሰለ፣ ሽታ የሌለው ፍግ ነው። የፋብሪካ ማዳበሪያ ተዉ እያለች በጋዜጣዋ የምትሰብክ ሴት ስለሆነች በፍጉ ኩራቷ ልክ አልነበረውም።

«እታለም፣ መጀመሪያ አንድ መደብ ላይ ብንሞክረውስ?» አላት ጭራሮ።

«ፍግ ይሞከራል እንዴ? ፍግ እኮ ነው!» ብላ ሳቀችበት። ለሁሉም መደብ በአንድ ቀን ተጨመረ።

በሦስተኛው ሳምንት ቅጠሎቹ ተጨማደው እንደ ጨቅላ ሕፃን ቡጢ ተጨበጡ። ግንዶቹ ተጣመሙ። እታለም ያየችውን ታውቃለች፤ ይህ የፀረ አረም ሥራ ነው። እዚህ ድረስ አልተሳሳተችም። ቀጥሎ ያደረገችው ነው ጥፋቱ። ጭራሮ ከዚያ አስቀድሞ በነበረው ሳምንት የመንገዱ አረም ላይ በመርጫ ፀረ አረም ረጭቶ ነበር፤ በዚያው መርጫ ደግሞ ችግኞቹን ከቅጠል የተሠራ ፈሳሽ ማዳበሪያ አጠጥቷቸዋል።

«መርጫውን አጥበኸዋል?»

ጭራሮ ጭንቅላቱን አከከ። ሃያ ዓመት ሙሉ መርጫ ያጠበ ሰው የትኛውን ቀን ከየትኛው ለይቶ ያስታውሳል? «አጥቤዋለሁ መሰለኝ» አላት። ያቺ «መሰለኝ» በቃቻት። እታለም የተናገረችውን ሁሉ መድገም አያስፈልግም፤ የመጨረሻውን ብቻ መናገር ይበቃል። «እጅህ መርዝ ነው» አለችው። ለአትክልተኛ ከዚህ የከፋ ቃል የለም።

ይህ አልበቃ ብሏት በወሩ «የሞቱብን» ላይ ጻፈችው። «አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሾላ። ምክንያት፦ ያልታጠበ መርጫ። ጥፋቱ፦ የወንድሜ።» ዓምዱ ከተጀመረ ጀምሮ ሰው የሌላ ሰው ጥፋት የጻፈበት ያ ወር ብቻ ነው። ጭራሮ የሞቱትን ከመደብ ነቅሎ፣ መደቡን ጠርጎ፣ ቁልፉን ሚስማሩ ላይ ሰቅሎ ሄደ። ሦስት ዓመት አልተነጋገሩም። የአባታቸው ዛፍም በዓመቱ ሙሉ በሙሉ ደርቆ አንድ ነፋሻ ከሰዓት በኋላ ወደቀ። ዘሩ ጠፋ ማለት ነው።

ጭራሮ ከዚያ ወዲህ ማተሚያ ቤት ነው የሚሠራው፤ ወረቀት ይቆርጣል፣ ያጥፋል። የትኛው ማተሚያ ቤት? ሌላ የት ሊሆን! «ሥርና ቅጠል» የምትታተምበት ነዋ። እሱ ሥራ ሲለምን እታለምን አስቦ ይሁን ሳያስብ፣ ጠይቆት የሚያውቅ የለም።

በየወሩ እንዲህ ይሆናል። እታለም ጽሑፏን ለባሏ ትሰጠዋለች። ባሏ ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ነው፤ ተጠርቶም መምህር፣ ተቆጥቶም መምህር ነው። እሱ ወደ ማተሚያ ቤት ያደርሰዋል። በሁለት ቀን የእርማት ቅጂው ይመለሳል። ቅጂው ጠርዝ ላይ በእርሳስ የተጻፈ ነገር አለ። «በየቀኑ ውሃ ይጠጣል» ብላ ከጻፈችው ጎን «አይጠጣም፤ ይበሰብሳል» ይላል። «ጥላ ይወዳል» ካለችው ጎን «እስኪለምድ ብቻ» ይላል። ሰላምታ የለ፣ ፊርማ የለ። ጽሕፈቱ ግን ቀጭን ነው፤ እንደ ጻፈው ሰው። እታለም እርማቱን ሁሉ እየተቀበለች ታስገባለች፤ ስለ ጉዳዩ ቃል አይወጣትም። በአንዳንድ ወር ደግሞ፣ ይህን ለማንም አልተናገረችም እንጂ፣ እርሳሱን ለማየት ስትል ብቻ ሆን ብላ ትሳሳታለች።

መምህሩ ከማተሚያ ቤት ሲመለስ ታዲያ በሩ ላይ ትጠብቀዋለች።

«ወረቀቱ እንዴት ነው?» ትለዋለች፣ ሌላ ቦታ እያየች።

«ወረቀቱ ደህና ነው። ትንሽ ጉንፋን ይዞታል።»

«ወረቀቱ ምግብ ይበላል?»

«እንደ ወረቀት።» መምህሩ ኮቱን ይሰቅላል። «ብቻ ጓንት አያወልቅም። ክረምት ከበጋ ጓንት።»

«ቀለሙ ይሆናላ» ትላለች እታለም፤ ጥያቄው እዚያ ያበቃል። መምህሩ ሚስቱን የሚያውቅ ሰው ስለሆነ አይጨምርም፤ ቢጨምር ቀጥታ ወጥ ቤት ገብታ ድስት ታንኳኳበታለች።

እንዲህ ሲባል ሦስት ዓመት ሞላው። አንድ ጠዋት እታለም የፊተኛውን ገጽ ዜና ስታሰናዳ ነው ነገሩ የመጣው። ከሩቅ አገር የአትክልተኞች ማኅበር በየጊዜው መጽሔት ይደርሳታል፤ ከእሱ መርጣ ለአንባቢዎቿ ታሳጥራለች። ያን ቀን የገለጠችው ገጽ ስለ ፍግ ነበር። ለከብት የሚታጨደው ሣር አንዳንድ ጊዜ ፀረ አረም ይረጭበታል ይላል ጽሑፉ። ሣሩን አይገድለውም፤ ከብቱ ይበላዋል፣ ከብቱንም አይጎዳውም፤ መድኃኒቱ ግን ሳይፈርስ ከከብቱ ሆድ ይወጣና ፍጉ ውስጥ ይቀመጣል። ያ ፍግ ሰፊ ቅጠል ያለው ተክል ላይ ሲደረግ ተክሉ ይጨማደዳል። ከሥሩ ፎቶግራፍ አለ፤ እንደ ሕፃን ቡጢ የተጨበጡ ቅጠሎች።

እታለም መነጽሯን አወለቀች። በቀሚሷ ጠርዝ ጠረገችና መልሳ አደረገች። ፎቶግራፉ አልተለወጠም።

ጽሑፉ መሞከሪያ መንገዱንም ያስተምራል። በሦስት ዕቃ ንጹሕ አፈር፣ በሦስት ዕቃ ፍግ የተቀላቀለበት አፈር አድርጎ ቦሎቄ መዝራት ነው፤ ቦሎቄ ለዚህ መድኃኒት ሆደ ባሻ ነው፣ ትንሽ ከነካው ወዲያው ይጨማደዳል። ፍጉ ደግሞ አለ። ከዚያ ጋሪ የተረፈ አንድ ማዳበሪያ ከረጢት ሙሉ፣ አፉ እንደታሰረ፣ የመሣሪያ ቤቱን በር እንዳይዘጋ ደግፎ ሦስት ዓመት ቁጭ ብሏል። በቀን አሥር ጊዜ አጠገቡ ታልፋለች፣ አንዳንዴም ትቀመጥበታለች።

ስድስት ጣሳ አዘጋጀች፤ ሦስቱ ላይ በነጭ ቀለም ምልክት አደረገች። መስኮቱ ሥር ደረደረቻቸውና ቦሎቄዎቹን ዘራች። ለማንም አልተናገረችም።

«እንግዲህ ይህ የምሳ ነው የራት?» አላት መምህሩ ጣሳዎቹን ሲያይ።

«የሙከራ ነው።»

«ስድስት ቦሎቄ እንዲህ ጎንበስ ቀና ተብሎ ሲታይ አይቼ አላውቅም። እኔን አንድ ቀን እንዲህ ብታይኝ ምን አለበት?»

«አንተ ምን ትበቅላለህ» አለችው፤ ግን አልሳቀችም፤ መምህሩም ይህን ልብ አለና ቀልዱን ተወ።

ቦሎቄዎቹ በሰባተኛው ቀን ራሳቸውን ከአፈር አወጡ፤ ስድስቱም እኩል፣ ስድስቱም ለምለም። እታለም ደስ አላት። ደስ እንዳላት ስታውቅ ደግሞ ክው አለች። ምን ሆኖ ነው ደስ ያላት? ፍጉ ንጹሕ ከሆነ እኮ ጥፋቱ የወንድሟ ሆኖ ይቀራል ማለት ነው። ልቧ የተመኘው ይህንን ነው? እሷ ትክክል ሆና እንድትቀር፣ እሱ ጥፋተኛ ሆኖ እንዲኖር? የገዛ ልቧን እንዲህ ስትይዘው አፈረች፤ ሰው ባያያትም ፊቷ ጋለ።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን ነጭ ምልክት ያለባቸው ሦስቱ ቅጠላቸውን አጠፉ። በማግስቱ ተጨበጡ። ሌሎቹ ሦስቱ ምንም አልሆኑም፤ መስኮቱን ተደግፈው ወደ ላይ ይሄዳሉ።

እታለም ከጣሳዎቹ ፊት በርጩማ ላይ ቁጭ አለች። መምህሩ ሲገባ እንባዋ በአገጯ እየወረደ ነበር። ሁሉንም ነገረችው፤ ፍጉን፣ ፎቶግራፉን፣ «አንድ መደብ ላይ ብንሞክረውስ» ያላትን።

«ሞክሪው ብሎኝ ነበር እኮ! እኔ ሳቅሁበት። ከዚያ ደግሞ መርዝ ነህ አልኩት!»

«ነገ እኔ ልንገረው?» አላት መምህሩ።

«አይሆንም። የሰደብኩት በራሴ አፍ ነው።»

በማግስቱ በእግሯ ማተሚያ ቤት ሄደች። በሦስት ዓመት ውስጥ ደጁን ስትረግጥ የመጀመሪያዋ ነው። ከባንኮኒው ወዲህ ባለ ማተሚያ ቤቱ፣ ደንዳና ሳቂታ ሰውዬ፣ ቆሟል፤ ከወዲያ ደግሞ ከመቁረጫው አጠገብ ጭራሮ ወረቀት ያስተካክላል። ከስቷል። ለካ ከዚያም በታች መክሳት ይቻላል! እጁ ላይ ግራጫ ጓንት አለ። ቀና አለና አያት።

እታለም ሌሊቱን ያጠናችው ንግግር ነበራት። አፏን ከፈተች፤ ወደ ባለ ማተሚያ ቤቱ ዞረችና «ሰዓት ስንት ሆነ?» አለች።

ሰውዬው ክንዷ ላይ ያለውን ሰዓት አየ፤ ከዚያ እሷን አየ። «አራት ከሩብ» አላት በትሕትና።

«አመሰግናለሁ» ብላ ጽሑፏን ባንኮኒው ላይ ወርውራ ወጣች። ስትወጣ በሩን ወደ ውስጥ መሳብ ሲገባት ሁለቴ ወደ ውጭ ገፍታዋለች። ከኋላዋ የሳቀ ግን የለም።

ደግነቱ በአፏ ያልወጣላት ነገር በጽሑፉ ውስጥ ነበር። በመሐሉ ገጽ የቦሎቄውን ሙከራ፣ ማንም እንዲሠራው አድርጋ፣ ከነጣሳው ብዛት አብራርታዋለች። በኋላው ገጽ፣ በዓምዱ አናት ላይ ደግሞ ይህን ጽፋለች፦

«ከሦስት ዓመት በፊት በዚህ ዓምድ ላይ አንድ ሺህ ሁለት መቶ የሾላ ችግኞች ባልታጠበ መርጫ እንደሞቱ ጽፌ ነበር። ሐሰት ነው። የገደላቸው ፀረ አረም ያለበት ፍግ ነው። ፍጉን ያመጣሁት እኔ ነኝ። አስቀድመን እንሞክረው ያለኝ ሰው ነበር፤ ስቄበታለሁ። የራሴን ጥፋት በወንድሜ ስም ጻፍኩ፤ ከዚያም የባሰ ቃል በአፌ ተናገርኩት። የሞቱብኝ፦ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሾላ። ጥፋቱ፦ የእኔ፣ ሁሉም።»

ከዚያ መጠበቅ መጣ። የእርማት ቅጂው በሁለት ቀን ይመለስ የለም? በሁለተኛው ቀን አልመጣም። በሦስተኛውም አልመጣም። እታለም ውሃ የጠጡትን መደቦች መልሳ አጠጣች፤ ለአንድ ደንበኛ ጽጌረዳ ሲጠይቃት ሎሚ ሸጠችለት። ጽሑፉን አንብቦ ትቶት ቢሆንስ? የሦስት ዓመት እርሳስ ከዚህ በኋላ ቢቀርስ? እስከ ዛሬ እሱ የበደላት መስሏት በትዕቢት ኖረች፤ ትዕቢት ቢያንስ ወገብ ያቀናል። አሁን የሚይዛት ነገር አልነበረም።

በአራተኛው ቀን መምህሩ መጣ። ቅጂውን ይዟል።

«ወረቀቱ እንዴት ነው?» አለችው።

«አላውቅም» አላት መምህሩ፤ ይህን ጊዜ አልቀለደም። «ሰጠኝና ፊቱን አዞረ።»

የመጀመሪያውን ገጽ አየች። የእርሳስ ምልክት የለም። መሐሉን አየች፤ የለም። የቦሎቄውን ዘር ጥልቀት ሆን ብላ በእጥፍ ጽፋው ነበር፤ እሱንም አላረመውም። የኋላውን ገጽ ገለበጠች። አንድ ብቻ ነበር። «አንድ ሺህ ሁለት መቶ» የሚለው ላይ ቀጭን መስመር ተሰምሮበታል። ጠርዙ ላይ እንዲህ ይላል፦

«አንድ ሺህ አንድ መቶ ዘጠና አንድ። ነይና ቁጠሪ።»

መምህሩ ቁጥሩን በትከሻዋ ላይ አጮልቆ አየ። የሒሳብ ሰው አይደለ! «ዘጠኝ ቀንሷል» አለ።

እታለም ነጠላ ጫማዋን እንኳ አልቀየረችም።

የጭራሮ ቤት አንዲት ክፍልና ከጀርባዋ በአጥርና በውሃ ታንከር መካከል የተጣበቀች ጠባብ ጓሮ ናት። በሩን ራሱ ከፈተ። ጓንት አድርጓል።

«ቁጠሪ አልከኝ» አለችው።

«ቁጥር ላይ ትቸኩያለሽ» አላት። «ድሮም።»

ከፊቷ እየመራ ወደ ጓሮው አወጣት። አጥሩን ተደግፈው ዘጠኝ የማተሚያ ቀለም ጣሳዎች ተደርድረዋል፤ በየጣሳው ውስጥ እስከ ትከሻዋ የሚደርስ ሾላ ቆሟል። የአባቷ ሾላ፤ ያው ቅርፊት፣ ያው ሻካራ ቅጠል። እታለም አንድ፣ ሁለት እያለች እየነካካች ቆጠረች፤ ስድስት ላይ ጠፋባትና እንደገና ከአንድ ጀመረች።

«ስነቅላቸው እነዚህ ዘጠኙ ከሥራቸው እርጥብ ነበሩ» አላት ከኋላዋ። «አፈራቸውን አራግፌ በንጹሕ ውሃ አጠብኳቸው። እንጃ፣ ለመጣል አልሆነልኝም። ዓመት ሙሉ ቅጠል አላወጡም።»

እታለም እንባዋን በክንዷ ጠረገች። ጠርጋ ስታበቃ ግን ዓይኗ የለመደውን ሠራ፤ ከፍቅር በፊት ስህተት የሚያይ ዓይን ነው። ቅጠሎቹ ጠርዛቸው ገርጥቷል። ሥራቸው በጣሳው ቀዳዳ ወጥቶ፣ ዞሮ፣ የራሱን ጣሳ እንደ ገመድ ጠፍሯል።

«ታንቀዋል እኮ! ሦስት ዓመት በአንድ ጣሳ? አላዛወርካቸውም? የተጠመጠመ ሥር በጣት ተፈትቶ፣ ተዘርግቶ ነው እንጂ ...»

«በጓንት አይፈታም» አላት።

«ታዲያ ለምን አታወልቀው ...»

አፏ ላይ ቀረ። ጭራሮ እጆቹን ወደ ታች እያየ ነበር። እነዚያን ግራጫ ጓንቶች። ክረምት ከበጋ።

«ወረቀት ላይም አደርገዋለሁ፣ እንዳልረሳ» አላት ቀስ ብሎ። «ውሃ በማንኪያ ነው የማጠጣቸው። ቅጠላቸውን ነክቼ አላውቅም። አንቺ በተክል ነገር ተሳስተሽ አታውቂማ። መርዝ ነው ስትይኝ፣ አመንኩሽ።»

እታለም ያጠናቻቸው የይቅርታ ቃላት ሁሉ የት እንደገቡ አልታወቀም። «ተሳስቻለሁ!» ብላ ጮኸች፤ የጎረቤት ውሻ እስኪደነግጥ። «እጅህ ምንም የለበትም። ምንም! እኔ ነኝ የገደልኳቸው። ይቅር በለኝ ወንድሜ። ይቅር በለኝ!» ትንሽ ልጅ ሳለ ከዛፍ ሲወድቅ ታደርገው እንደነበረው አንገቱን ይዛ አለቀሰች። ጭራሮም አለቀሰ፤ ሁለት ሰው በዚያች ጓሮ ውስጥ ለማልቀስ እንኳ ተጣብቀው መቆም ነበረባቸው።

ትንሽ ቆይቶ አፍንጫውን ሳበ። «አሥራ አንድ ጊዜ ሆን ብለሽ ተሳስተሻል ጋዜጣው ላይ» አላት።

«የቦሎቄውን ጥልቀት ጨምረህ ነው?»

«እሱን ዘለልኩት። ልቤ እዚያ አልነበረም።»

«እንግዲያው አሥራ ሁለት ነው» አለችው። «ቁጥር ላይ ትቸኩላለህ።»

ሳቀ። ከዚያ ቁና ቁና እየተነፈሰ ጓንቱን አወለቀ፤ መጀመሪያ የቀኙን፣ ቀጥሎ የግራውን። እጆቹ ነጥተዋል፣ እንደ ጸሐፊ እጅ ለስልሰዋል። የሷ ከጎናቸው ሲታይ ቅርፊት ነው። የመጀመሪያውን ጣሳ በቆርቆሮ መቀስ ከጎኑ ቀደደው፤ እታለም ግንዱን ያዘችለት። ጭራሮ ለትንሽ ጊዜ ቆመ። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ አሥሩንም ጣቶቹን ሥሩ ውስጥ አስገባ።

ሥሩ ቀስ እያለ ተፈታ። እታለም ሁለት ጊዜ «እዚያ ጋ ...» ልትል አፏን ከፍታ ሁለት ጊዜ ዘጋችው፤ ይህም በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነው። ዘጠኙን ፈተው እስኪጨርሱ ፀሐይዋ ታንከሩን አልፋ ነበር። አንዱ ከችግኝ ጣቢያው በር አጠገብ፣ ከአሮጌው ጉቶ ጎን ይተከላል ተባለ፤ የትኛው እንደሚሆን ግን እስከ ምሽት ተከራከሩ።

በዚያ ወር «ሥርና ቅጠል» የደረሳቸው ሰዎች በማጠፊያው ላይ፣ ልክ «አንድ ሺህ አንድ መቶ ዘጠና አንድ» ከሚለው ጎን፣ ቡናማ የጣት አሻራ አገኙ። አፈር ነው። ባለ ማተሚያ ቤቱ ንጹሕ ወረቀቴን አበላሸኸው ብሎ ተቆጥቷል፤ ሦስት አንባቢዎችም ስለ ጥራቱ ደብዳቤ ጻፉ። እታለም በሚቀጥለው ወር የሌላውን ሁሉ እርማት አወጣች፤ የአሻራውን ግን አላወጣችም።